ሽማግሌዎቼን ራሴ ጭኜ ሞጣ

ሰው ሚስት ለማግባት ሲያስብ ሽማግሌ ይልክና ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን እየቆረጠመ ይጠብቃል። ወጉ ይህ ነው። እኔ ግን የራሴን ሽማግሌዎች ራሴ ሾፍሬ ከቢቸና ሞጣ ድረስ ወስጃቸዋለሁ። ከዚያች ቀን በኋላ የቀድሞው ሰው ሆኜ አልተመለስኩም። ዘመድ በየሠርጉ «እስቲ ያንን ነገር ንገረን» እያለ ስላስቸገረኝ፣ ዛሬ ለእናንተ ከነዝርዝሩ ላጫውታችሁና ልረፍ።

ያኔ ቢቸና ውስጥ ከእህል ገበያው ጀርባ ጋራዥ ነበረኝ። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ፤ ሦስት ጎኑ ቆርቆሮ፣ አራተኛው ጎኑ ነፋስ ነው። ከዚያ በፊት አጎቴ ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ ከናፍጣው ሞተር ጎን ቆሜ ዱቄት እየቃምኩ ነው ያደግሁት። ሞተር ስለወደድኩ ደብረ ማርቆስ ሄጄ የመካኒክነት ሥልጠና ወሰድኩ። ተመልሼ ሥራ ስጀምር የከተማው ሰው «ደምሰው እጁ ጥሩ ነው፤ ግን ኩሩ ነው» ይለኝ ጀመር። ኩራቱ ከየት እንደመጣ ለራሴም አይገባኝም ነበር። ምንም ሳላደርጋቸው የሚያኮርፉኝ ሰዎች ነበሩ። እኔም ምቀኞች ናቸው ብዬ ተውኳቸው።

ትርንጎ ግን ኩሩ ብላኝ አታውቅም። የሞጣ ልጅ ናት፤ ቢቸና ተመድባ የምታስተምር መምህርት። የትምህርት ቤቷ የፈተና ማባዣ ማሽን ተበላሽቶባት መጣች። «እኔ የምሠራው መኪና ነው» ብላት «ይኼም ይሽከረከራል» ብላ በጋሪ አስጭና ደጄ አወረደችው። ሠራሁላት። ነገር ግን ማሽኑ አልፎ አልፎ ወረቀት ሁለት ሁለት እያደረገ ስለሚጎርስ መመላለስ ነበረባት፤ እኔም ይህን አመሉን ለማስተው አልቸኮልኩም። ትርንጎ ስታወራኝ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ዓይኔን እያየች፣ ጮክ ብላ ነበር። ማስተማር ልማድ ሆኖባት ነው እል ነበር። እንዲህ እያልን ተዋደድን፤ ጎረቤቱም አንድ ቃል ሳያመልጠው ሰማ።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። መሪጌታ ኅሩይ ሞጣ ውስጥ የታወቁ የዜማ መምህር ናቸው። ተማሪ ከግቢው ማዶ ሆኖ አንዲት ድምፅ ቢያዛባ ካሉበት ለይተው ይመልሱታል ይባላል።

«አባዬ ጩኸት አይወዱም» አለችኝ ትርንጎ። «ስለ አንተ ግን ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ሁሉንም!» ብላ ሳቀች። ሁሉንም ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሽማግሌ ተመረጠ። ዋናው ጋሽ ይትባረክ ነበሩ፤ የቢቸና እህል ነጋዴ፣ ድምፃቸው እንደ ሆዳቸው ሰፊ የሆነ ሰው። ሌሎቹ አንድ ቄስና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁሉም አውቶብስ ተሳፍረው ይሄዳሉ ብዬ ሳስብ ጋሽ ይትባረክ ቱግ አሉ።

«ለጋብቻ የሚሄድ ሽማግሌ ከዶሮና ከጀሪካን ጋር ተጣብቆ? በእትጌ ነው የምንሄደው!»

እትጌ የመኪናቸው ቅጽል ስም ናት። ከንጉሡ ዘመን የቀረች፣ ረጅም፣ ክሬም ቀለም ያላት የአሜሪካ መኪና ነበረች። ጋሽ ይትባረክ ከአንድ መኳንንት ዘመድ ወርሰዋት እንደ ልጅ ነበር የሚንከባከቧት። መነሳት የምትወደው ግን ለእኔ ብቻ ነው። የማርሿን አመል፣ የነዳጅ መስጫዋን ኩርፊያ የማውቀው እኔ ነኝ።

«እንግዲያው ማን ይነዳታል?» አሉ ቄሱ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔማ እንዴት እሄዳለሁ? እኔ እኮ ነኝ…»

«ሾፌር ነህ» አሉ ጋሽ ይትባረክ። «ቱታህን ትለብሳለህ። ከአጥሩ ውጭ ትቆያለህ። ማንም ስምህን አይጠራም። ማን ያውቅሃል?»

እንግዲህ እትጌን ለዚህ ጉዞ ማዘጋጀት ነበረብኝ። ሰሞኑን ሞተሯ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ ብለው ጋሽ ይትባረክ ነግረውኝ ነበር። ለእኔ እምብዛም አይሰማኝም ነበር። ሰውየው መኪናቸውን ስለሚያሞላቅቋት ነው ብዬ ነበር። የሆነ ሆኖ የሞተሩን የላይኛውን ክዳን ከፈትኩ። ቫልቮቹ አሥራ ሁለት ናቸው። እያንዳንዱን ቫልቭ ተጭኖ የሚከፍት ሮከር የሚሉት ክንድ አለ፤ ክንዱን ከታች የሚገፋው ደግሞ ሊፍተር ይባላል። የማውቃቸው መኪኖች ሁሉ በክንዱና በቫልቩ መካከል በጣም ቀጭን ክፍተት ይፈልጋሉ። በስስ የብረት ቅጠል እየለካሁ ለአሥራ ሁለቱም እንደለመድኩት ክፍተት ሰጠኋቸው። ያላወቅኩት ነገር፣ የእትጌ ሊፍተሮች ውስጣቸው ዘይት የሚሞላ፣ ሲጫኗቸው እንደ ትራስ ገባ የሚሉ ዓይነት መሆናቸውን ነው። እነሱ ክፍተት አይፈልጉም። በተቃራኒው ትንሽ ተጭነው መቀመጥ አለባቸው። እኔ ግን በገዛ እጄ አሥራ ሁለት መዶሻ አደረግኋቸው።

በማግስቱ ማለዳ ተነሳን። ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ከኋላ ተደረደሩ። ገና ከቢቸና ሳንወጣ ጡረተኛው መምህር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ደምሰው፣ ይህች መኪና የምትፈጨው ነገር አለ?»

«ምንም የላትም፤ ሞተሯ እስኪሞቅ ነው» አልኩ።

ደብረ ወርቅ ስንደርስ ሞተሩ ሞቋል። ቄሱ ጆሯቸውን በነጠላቸው ጠቅልለዋል። ጋሽ ይትባረክ የሆነ ነገር ይናገራሉ፤ በመስታወቱ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ምርቃት መስሎኝ «አሜን» አልኩ። ኋላ ስጠይቃቸው «አቁም ብዬህ ነበር» አሉኝ።

ሞጣ ስንገባ ሕዝቡ ከየቤቱ እየወጣ ያየን ነበር። የመኪናዋ ውበት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከመሪጌታ ቤት ፊት ለፊት፣ ከአንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር አቆምኩ። የትርንጎ እናት ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሩን ከፍተው ሽማግሌዎቹን ተቀበሉ። መሪጌታ ከተማሪዎቻቸው ዘንድ ገና አልተመለሱም፤ እኛ ቀድመን ነው የደረስነው። «ግቡና ተቀመጡ» ቢሏቸው ጋሽ ይትባረክ በረጅሙ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም!» አሉ። ወጉ ነው። ግቢው ውስጥ ቆሙ።

እኔ ብቻዬን ከእትጌ ጋር ቀረሁ። ስመለስ ይህ የቀጭ ቀጭ ወሬ እንዳይደገም እስኪ ልየው ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ክዳኑንም ፈታሁ። ሞተሩን አስነስቼ አጎንብሼ እያየሁ ሳለ ጀርባዬን እንጨት ነካኝ። ደንግጬ ዞርኩ። ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ጥምጥማቸው የተስተካከለ፣ መቋሚያ የያዙ ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ይህን ጸናጽል ማን ሰጠህ?» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ተማሪዎቼ የዕዝሉን ዜማ ትተው ከአንተ ሞተር ጋር ማሸብሸብ ጀመሩ እላለሁ!»

መሪጌታ ኅሩይ መሆናቸው ገባኝ። እጄ ዘይት ስለነበር በክርኔ ሰላም አልኳቸው።

«ሽማግሌዎቹን ያመጣሃቸው አንተ ነህ?»

«አዎ አባቴ፤ ሾፌሩ ነኝ። ገብተዋል፤ እየጠበቁዎት ነው።»

ወደ ግቢው አንድ ጊዜ ቃኙና መልሰው ወደ ሞተሩ ዞሩ። «ይጠብቁ። ይህን ሳታስተካክል እዚያ ቤት ገብቼ የሰው ንግግር ልሰማ አልችልም።»

ወዲያው ቁልፍ አነሳሁ። ክፍተቱ በዝቶ ይሆናል ብዬ የሮከሮቹን ዳዶ አንድ በአንድ ትንሽ ትንሽ አጠበቅኩ።

«አለቀ» አልኩ።

«ምኑ ነው ያለቀው?»

«ድምፁ እኮ ጠፋ።»

መሪጌታ ሰማይ አዩ፤ መሬት አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። «ልጄ፣ እየተንጫጫ ነው።»

አፈርኩ። ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ እጄ ይከብዳል። ሁሉንም ድጋሚ አጥብቄ አሰርኳቸው። እትጌ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጭጭ አለች። ቁልፏን ባዞር ባዞር አልነሳ አለች። ቫልቮቹ ከልክ በላይ ተጭነው ክፍት ቀርተዋል። ሞተሩ አፉን ከፍቶ ነው የሚተነፍሰው፤ እንዴት ይነሳ?

«አሁንስ ጠፋ» አሉ መሪጌታ።

ሽማግሌዎቹ ውስጥ ናቸው፤ መኪናዋ ሞታለች፤ አማቴ እንዲሆኑ የምመኛቸው ሰው ራሴ ላይ ቆመዋል። የመጣልኝ ደብረ ማርቆስ ያስተማረኝ አሠልጣኜ ነው። ሞባይል ከገባ ብዙም አልቆየም ነበርና ኔትወርክ ፍለጋ አንድ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ደወልኩ። የመኪናዋን ነገር ነገርኩት። እሱም የሆነ ነገር ተናገረ። እኔ የሰማሁት «ላሽ በል» የሚል ነው።

«አባረረኝ» አልኩ ስልኩን እያወረድኩ። «ላሽ በል አለኝ።»

«ወዲህ በለው» አሉ መሪጌታ። ስልኩን ተቀብለው ጥምጥማቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ። እሳቸውም ድንጋዩ ላይ ወጥተው ልክ ለትምህርት እንደተቀመጠ ሰው በጥሞና አዳመጡ። «እሺ… እሺ… ዜሮ ላሽ። ላሽ ምንድን ነው? እ፣ ክፍተት። ገባኝ።» ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። «ያባረረህ የለም። እንዲህ ነው ያለው። ሁሉንም አላላቸው። ሞተሩ ይነሳና ይንጫጫ። ከዚያ አንዱን ብቻ ያዝና ቀስ እያልክ አጥብቅ። ጩኸቱ ጠፋ ባለበት ቦታ ክፍተቱ ዜሮ ሆኗል። እዚያ ላይ ቆም በል። ከዚያ ግማሽ ዙር ጨምርለት፤ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ሩብ አዙረህ ታገሠው፣ ሞተሩ እፎይ ሲል ቀሪዋን ሩብ። ትራሱ ልኩን ያገኛል። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው።»

አንድ ቃል አልሳቱም። ኋላ አሠልጣኜን ስጠይቀው «ያ ሰውዬ የየት ጋራዥ ነው?» ብሎኛል።

ሁሉንም አላላሁና አስነሳሁ። እትጌ ነቃች፤ ዘይት እየረጨች። የመሪጌታ ነጠላ ጫፍ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አረፈ። ካርቶን ቆርጬ ከለልኩላቸው፤ እሳቸው ግን ልብ አላሉትም። የመቋሚያውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አስደግፈው የላይኛውን ራሱን ከጆሯቸው ጋር አጣበቁት።

«አሥራ ሁለት ናቸው አልክ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ከፊት እንጀምር። ይህ ጴጥሮስ ነው። አጥብቅ። ገና… ገና… በቃ! ሩብ ጨምር። ቆይ፤ ደነገጠ። አሁን ተመለሰ። ቀሪዋን ጨምር። ጴጥሮስ ዝም ብሏል። እንድርያስ!»

እንድርያስ በቀላሉ እሺ አለ። ያዕቆብና ዮሐንስም ወንድማማቾች ስለሆኑ ነው መሰለኝ አንድ ዓይነት ነበሩ። ፊልጶስ ላይ ስንደርስ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በአጥሩ በር ብቅ አሉ።

«መሪጌታ! ሰዎቹ እኮ ቆመው ነው!»

«ይቁሙ! በርተሎሜዎስ ይቀረናል!»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ አማተቡና ተመለሱ።

በዚህ መሀል መሪጌታ እንደ ዋዛ «ይህን ሽማግሌ የላከውን መካኒክ ታውቀዋለህ?» አሉኝ። የተናገሩት ፊቴን እያዩ ስለነበር በደንብ ሰማሁ።

«አውቀዋለሁ አባቴ።»

«እንዴት ያለ ሰው ነው?»

ምን ልበል? ራሴን ባመሰግን ነውር፣ ባማ ጉዳት። «ደህና ሰው ነው… ይመስለኛል።»

«ይመስልሃል?»

«አንዳንድ ሰው ኩሩ ይለዋል።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«ኩሩ አይደለም። ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም» አልኩ። ከልቤ ነበር ያልኩት።

ወደ ቶማስ ተሻገርን። አጠበቅኩ፣ አጠበቅኩ። «ጠፋ» አልኩ።

«አልጠፋም።»

«ጠፍቷል እኮ አባቴ!»

ያን ጊዜ መቋሚያውን ከጆሯቸው አነሱ። የታችኛው ጫፍ እዚያው ሞተሩ ላይ እንዳለ የላይኛውን ጫፍ ከጆሮዬ ኋላ፣ ከአጥንቱ ላይ አስደገፉት።

የሆነውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ሞተሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤ ጥርት ያለ፣ ቀጭን፣ ሹል ድምፅ። ከሥሩ የዘይቱ ፉጨት፣ ከሱ ሥር የአየሩ ትንፋሽ። ይህን ያህል ዘመን ሞተር ስነካ ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር በውስጡ እንዳለ አላውቅም ነበር። መቋሚያውን ፈቀቅ አደረጉት፤ ሁሉም ጠፋ። መልሰው አስደገፉት፤ ሁሉም ተመለሰ።

«ይሄ… ሁልጊዜ አለ?» አልኩ።

«ሁልጊዜ አለ።»

«ሰው ሁሉ ይሰማዋል?»

«ከአንተ በቀር» አሉ በቀስታ። ከንፈራቸውን አይቼ ነው የገባኝ።

ባምፐሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ያኮረፉኝ ሰዎች ሁሉ በፊቴ ይመጡ ጀመር። ከኋላዬ ሰላም ብለውኝ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ሳልል ትቻቸው የሄድኩ ሰዎች። ለካ ምቀኞች አልነበሩም።

«ትርንጎ ስታወራህ ትጮኻለች?» አሉ መሪጌታ።

«አዎ፤ መምህር ስለሆነች ድምጿ…»

«የኛ ትርንጎ? እዚህ ቤት ስታወራ እናቷ ‹ምን አልሽ› ሳትላት ቀርታ አታውቅም። ለአንተ ብላ ነው የምትጮኸው።»

እንባዬ ሊመጣ ሲል አንድ ነገር ብልጭ አለብኝና እንባው ባለበት ደረቀ። ሾፌሩን ስለ ትርንጎ ጠየቁት፤ ሾፌሩም መለሰ።

«አባቴ፣ እኔ እኮ ሾፌሩ…»

«አዎ፣ ሾፌሩ ነህ። ሽማግሌ የላክህ ሾፌር።»

«እንዴት አወቁኝ?»

«ልጄ ነግራኛለች። ‹ደግ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ከኋላው ሲጠሩት ግን አይዞርም፤ እሱም አያውቀውም፤ ልነግረው እየፈራሁ ነው› ብላኛለች። ከኋላህ ቆሜ ደጋግሜ ተጣራሁ። ዞረህ ቢሆን ኖሮ ሾፌር ነው ብዬ አልፌህ እገባ ነበር።»

ልሩጥ? ከመኪናዋ ሥር ልግባ? መሪጌታ ግን መቋሚያቸውን መልሰው ሞተሩ ላይ ተክለዋል።

«በል ተነሳ፤ ቶማስን በጥርጣሬው አንተወውም። ገና… ገና… በቃ።»

ከዚህ በኋላ አንድም ጊዜ «ጠፋ» አላልኩም። እሳቸው ይሰማሉ፤ እኔ አዞራለሁ። ማቴዎስ፣ የእልፍዮስ ልጅ ያዕቆብ፣ ታዴዎስ፣ ስምዖን። የመጨረሻው ዳዶ ጥርሱ ተበልቶ ስለነበር አልይዝ አለ። «ይሁዳ ነው፤ ድሮም ይጠበቃል» አሉ መሪጌታ። ከሣጥኔ ሌላ ዳዶ አውጥቼ ቀየርኩት። «ማትያስን ተካንበት» ብለው አወጁ። ማትያስም ዝም አለ።

ክዳኑን ገጠምኩ። እትጌ ቆማለች እንጂ የምትሠራ አትመስልም ነበር። መሪጌታ ትንሽ አዳመጧትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን የሰው ንግግር መስማት እችላለሁ» ብለው ወደ ግቢያቸው ገቡ።

እኔ በአጥሩ ስንጥቅ ማየት ጀመርኩ። ሽማግሌዎቹ በመቆም ብዛት አንዱ በአንዱ ተደግፈዋል። ጋሽ ይትባረክ መሪጌታን ሲያዩ ደረታቸውን ነፍተው ንግግር ጀመሩ፤ የእሳቸው ድምፅ እኔ ዘንድም ይደርሳል።

«…ልጃችን ጨዋ ነው! ታታሪ ነው! ጆሮውማ ልዩ ነው፤ የሞተርን በሽታ በድምፅ ብቻ ለይቶ የሚያውቅ…»

መሪጌታ ሳል ያዛቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ሳሉ። ነጠላው ላይ ያለውን የሞተር ዘይት ያዩት ቄስ ዓይናቸው ፈጠጠ።

ከዚያ በኋላ መሪጌታ መናገር ጀመሩ፤ እኔ ግን ምንም አልሰማም። ወደ እኔ ጀርባቸውን ሰጥተው ስለቆሙ ከንፈራቸውንም አላይም። ዕድሜ ልኬን የሚወስን ቃል ከእኔ ጥቂት እርምጃ ርቆ ይነገራል፣ እኔም እንደ ዓሣ ነኝ። ጡረተኛው መምህር ራሳቸውን ነቀነቁ። መልካም ነው ወይስ ሐዘን? ጋሽ ይትባረክ እጃቸውን ዘረጉ። ምስጋና ነው ወይስ ልመና?

መሪጌታም ይህን ያወቁ ይመስል በድንገት ዞሩና ፊታቸውን ወደ አጥሩ አደረጉ። ያ ጩኸት የማይወድ ሰው፣ ያ ተማሪ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሚቆጣ ሰው፣ አፉን ከፍቶ ሞጣን የሚያነቃንቅ ድምፅ አወጣ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ!»

ሽማግሌዎቹ ከድንጋጤ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ሆኖም ከሠርጉ በፊት ልጁ ባሕር ዳር ሄዶ ጆሮውን ይታከም! ሰምቷል?»

«መሪጌታ» አሉ ጋሽ ይትባረክ ግራ ገብቷቸው «እኛ እኮ እዚሁ ነን፤ እንሰማለን።»

«ለእናንተ አይደለም!»

ከአጥሩ ውጭ ሆኜ እኔም ባለ በሌለ ድምፄ «ሰምቻለሁ!» ብዬ ጮኽኩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እልል አሉ። ከጎረቤት እልልታው ተቀበላቸው። ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ተቀመጡ፤ ቄሱ የተቀመጡት ግን በደስታ ሳይሆን እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር።

ባሕር ዳር ሄድኩ። ሐኪሙ ወደ ጆሮዬ ተመልክቶ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ። መካኒክ ነኝ ስለው ራሱን ነቀነቀ። «ከዚያ በፊትስ?» ወፍጮ ቤት አልኩት። «እሱን ነው ያየሁት» አለ። የጆሮዬ ኩክና የዘመናት የዱቄት ብናኝ ተጋግሮ እንደ ቡሽ ደፍኖት ነበር። እያለሰለሰ አወጣው። የግራው ጆሮዬ በሞተር ጩኸት ተጎድቷልና ሙሉ በሙሉ አይመለስም ብሎኛል፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። ቀኙ ግን ተከፈተ። ከሕክምናው ስወጣ የገዛ ጫማዬ ድምፅ የሚከተለኝ ሰው መስሎኝ ዞር ዞር እያልኩ ነው መንገዱን የጨረስኩት።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በሕይወቴ የተለወጠውን ልንገራችሁ። ቢቸና ተመልሼ ያኮረፉኝን ሰዎች በየቤታቸው እየዞርኩ «ደንቁሬ ነበር» አልኳቸው፤ አብዛኞቹ ስቀው ታረቁኝ። ሥራዬንም በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው «ድምፅ አለው» ሲለኝ፣ እኔ ባይሰማኝም አምነዋለሁ። ያልሰማሁትን ነገር የለም ከማለት «እስቲ ድገምልኝ» ማለትን ለምጃለሁ። ብታዩት ቀላል ነው፤ ለመልመድ ግን አንድ መሪጌታና አሥራ ሁለት ሐዋርያት አስፈልገውኛል። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ ኩሩ የምትሉት፣ ሲጠሩት የማይመልስ ዘመድ ካለ ከመቀየማችሁ በፊት ሐኪም ቤት ውሰዱት።

የሕክምናው ዕለት ማታ ለመሪጌታ ደውዬ ነበር። «አባቴ፣ አሁን እሰማለሁ» አልኳቸው። ድምፃቸው ጥርት ብሎ፣ በቀስታ እንዲህ ሲሉኝ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«ተመስገን። እስከ ዛሬ ሳትሰማ ‹ሰማሁ› ስትል ኖርክ። ከእንግዲህ ባለትዳር ልትሆን ነውና፣ እየሰማህ ‹አልሰማሁም› ማለትን ተለማመድ።»